የሕፃን ቃልና የይግባኝ ዳኛ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። ነገሩ የሊጥ እንደ ሆነ ተረቱን አልቃወመውም፤ ልጅ ዱቄቱን ይደፋል፣ ውሃውን ያበዛል፣ እናትም ተቆጥታ እንደገና ታቦካለች። ዳሩ ግን ይኸው ተረት ከማጀት ወጥቶ፣ ካባ ለብሶ፣ ችሎት ገብቶ ከዳኞች አጠገብ ሲቀመጥ አይቼ ዝም ለማለት ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። ይልቁንም ወንበሩን የሚያገኘው በታችኛው ፍርድ ቤት ሳይሆን ይግባኝ በሚሰማበት በላይኛው ዘንድ ነው። የታችኛው ዳኛ ልጅቱን በዐይኑ አይቷል፤ ድምፅዋን በጆሮው ሰምቷል። የይግባኙ ዳኛ ግን በፊቱ ያለው ወረቀት ነው። ታዲያ በግብረ ሥጋ የተደፈረች የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ሕፃን የተናገረችው ቃል በዚያ ወረቀት ላይ እንዴት ይመዘናል? ብዙ ጊዜ ለሌላ ዕቃ በተሠራ ሚዛን ነው የሚመዘነው ብዬ እከራከራለሁ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን የሚጽፍልህ የሕግ ሰው አይደለም፤ ዕድሜውን በጠመኔ አቧራ ውስጥ የጨረሰ ጡረተኛ አስተማሪ ነው። ስለዚህ ስለ ዳኞች ስሕተት ከመናገሬ በፊት የራሴን ማስቀደም ይገባኛል።

በ1981 ዓ.ም. በአንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ ሦስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ተማሪዬ፣ ከዚያ በፊት ከክፍሉ ሁሉ ቀድማ እጅዋን ታነሣ የነበረችው፣ ድንገት ዝምተኛ ሆነች። ደወል ተደውሎ ልጆች ሁሉ ወደየቤታቸው ሲሮጡ እርስዋ «ሰሌዳውን እኔ ላጥፋ» እያለች ትዘገያለች። አንድ ቀን ምክንያቱን ብጠይቃት በግቢያቸው የሚኖረው ተከራይ ያደረገባትን ልጅ በሚያውቀው ቃል ነገረችኝ። እኔም ደንግጬ፣ ነገሩን በጥንቃቄ የያዝኩ መስሎኝ፣ «መቼ ነው?» አልኳት። «ሰኞ» አለችኝ። በማግሥቱ ከርእሰ መምህሩ ፊት አቁሜ ያንኑ ጥያቄ ደገምኩላት፤ «የገበያ ቀን» አለች። የከተማይቱ ገበያ ሐሙስ ነበር። ምን ለብሶ ነበር? አልናት፤ መጀመሪያ ካፖርት አለች፤ ቀጥላ አላውቅም አለች፤ ከዚያ በኋላ መሬት መሬት እያየች አንድም ቃል አልመለሰችም። እኔም ለርእሰ መምህሩ «ቃልዋ ይለዋወጣል» አልኳቸው። እሳቸውም ነገሩ ወደ ጣቢያ ሳይሄድ እንዲቀር ወሰኑ። እኔ ያን ጊዜ እፎይ አልኩ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ከሁሉ አብልጬ የማፍረውም በዚህ እፎይታዬ ነው። ልጅቱ በዓመቱ መጨረሻ ትምህርትዋን ተወች።

ሰውዬው ከሦስት ዓመት በኋላ በሌላ ሕፃን ላይ እጅ ከፍንጅ ተይዞ ተፈረደበት። ያን ጊዜ የተማሪዬን እናት መንገድ ላይ አግኝቻቸው ስንነጋገር በልጃቸው ላይ የደረሰው የአንድ ቀን ነገር እንዳልነበረ ነገሩኝ። ሰኞም ነበር፤ ሐሙስም ነበር። ልጅቱ ሁለት ጊዜ እውነት ተናግራ ሳለ እኔ አንድ ውሸት አድርጌ ቆጠርኩባት። «ስንት ጊዜ ነው?» ብዬ አልጠየቅኋትምና።

ይህ የአንድ የመንደር አስተማሪ ስሕተት ነው። ነገር ግን ይኸው ስሕተት የሕግ ቋንቋ ለብሶ በታላላቅ ፍርድ ቤቶች ሲሠራበት ኖሯል። አንዱን በዝርዝር ልንገርህ፤ የውጭ አገሩን ዘመን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በህንድ አገር በራጃስታን ግዛት አንድ ሰው የስምንት ዓመት ሕፃን ደፈረ ተብሎ ተከሰሰ። ልጅቱ ነገሩን ለእናትዋ የነገረቻት በዚያው ቀን፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነበር። የመጀመሪያው ዳኛ ሁለቱንም ሰምቶ ፈረደበት። ሰውዬው ይግባኝ አለ። የይግባኙም ዳኛ መዝገቡን መርምሮ እንዲህ ያለ ነገር ወሰነ፦ ማስረጃው ኅሊናን ለማሳመን ይበቃል፤ ዳሩ ግን የተደፈረች ሴት ቃል ከሌላ ወገን ደጋፊ ማስረጃ ካላገኘ ሕጉ አይቀበለውምና ተከሳሹ ይለቀቅ። እስቲ ልብ በል! ዳኛው ልጅቱ ዋሽታለች አላለም። ማመኑን አምኗል። ያመነውን ነገር ግን ሕግ ነው ብሎ ባሰበው ልማድ ከደጅ አስቀረው። ከእርሱ በላይ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን ሽሮ ጥፋተኛ አለው፤ ነገሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በታኅሣሥ 20 ቀን 1951 ዳኛ ቪቪያን ቦስ ፍርዱን ሲጽፉ ነገሩን ከሥሩ ገለጡት። ደጋፊ ማስረጃ መፈለግ የጥንቃቄ ነገር ነው እንጂ ያለ እርሱ አይፈረድም የሚል የሕግ ድንጋጌ አይደለም አሉ። ዳኛው ጥንቃቄውን በልቡ ይዞ መመዘን አለበት፤ መዝኖ ካመነ ግን መፍረድ ይችላል። ልጅቱ ወዲያው ለእናትዋ መናገርዋም ራሱ ደጋፊ ሊሆን ይችላል፤ እናት ናትና አትታመንም የሚል ደንብም የለም። በዚያው ፍርድ ላይ ሌላም ጠቃሚ ነገር አለ፤ ሕፃን ሲመሰክር ዳኛው ልጁ ጥያቄ ተረድቶ እውነት የመናገርን ግዴታ ማወቁን፣ ይህንንም ያመነበትን ምክንያት ሊጽፍ ይገባል ብለዋል። ለምን? መዝገቡን በኋላ የሚያነበው ሰው ልጁን አላየምና።

ስለ ህንድ ምን አገባን ትለኝ ይሆናል። ያገባናል። በ1954 ዓ.ም. በአገራችን የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ብዙው ክፍሉ እንግሊዞች ለህንድና ለማላያ ባወጡት ሕግ አብነት የተሠራ ነው፤ በማርቀቁ የደከሙትም ሰር ቻርልስ ማቲው የተባሉ፣ በማላያ በዳኝነት ያገለገሉ እንግሊዛዊ ነበሩ። መስቀለኛ ጥያቄው፣ ምስክርን አቁሞ ማስጨነቁ፣ ሁሉም ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው። ምንጩን የጠጣ ሰው ደግሞ ምንጩ የቱ ጋ እንደሚደፈርስ ማወቅ አይጎዳውም።

የእንግሊዞቹ ታሪክ ራሱ ትምህርት አለው። በ1779 አሥራ ሁለት ዳኞች ተሰብስበው ሰባት ዓመት ያልሞላት ሕፃን ጉዳይ መርምረው ነበር። ልጅቱ ራስዋ አልተሰማችም፤ እናትዋና ሌላ ሴት ከእርስዋ የሰሙትን መሰከሩ። ዳኞቹም ይህ አይሆንም፤ ልጅቱ የመሐላን ነገር ከተረዳች ዕድሜዋ ማንኛውም ቢሆን ምላ ልትመሰክር ይቻላል፤ ሳትምል ግን አትሰማም አሉ። ግማሹ መልካም ነው፤ ዕድሜ ብቻውን በር አይዘጋም ማለት ነውና። ግማሹ ግን ክፉ መዘዝ አመጣ። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ሁሉ «ብትዋሽ ወዴት ትሄዳለህ?» እየተባለ ይፈተን ጀመር። ገሃነምን በደንብ የገለጸ ይሰማል፤ ያልገለጸ ይመለሳል። እኔ ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ ስለዚህ ፈተና መናገር እችላለሁ። በሰባት ዓመቴ ውሸታም የሚሄድበትን ቦታ ከነጥቅሱ በቃሌ እወጣው ነበር፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ ከወጥ ቤት ስኳር ሰርቄ አልሰረቅሁም ብዬ ምያለሁ። ትምህርቱን የማያውቅ ጓደኛዬ ግን ወዲያው አምኖ ተገረፈ።

እንግሊዞች በ1885 ባወጡት ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለች የተደፈረች ልጅ ሳትምል ልትሰማ እንድትችል ፈቀዱ፤ ነገር ግን ደጋፊ ማስረጃ ያስፈልጋል የሚል ልጓም አበጁለት። ልጓሙ እስከ 1988 አልወለቀም። በመካከሉ፣ በ1958፣ አንዲት የአምስት ዓመት ሕፃን በአባትዋ ላይ እንድትመሰክር ቀርባ አንዲት ቃል መናገር ሳይሆንላት ቀረ፤ የዳኞች አለቃ ሎርድ ጎዳርድም ይህን በመሰለ ዕድሜ ያለች ልጅ ማቅረቡን እንደ መሳቂያ ቆጠሩት። ከ52 ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ በዚያው አገር ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንድ መዝገብ ቀረበ። ልጅቱ የተደፈረችው ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላት፣ የመሰከረችው በአራት ዓመት ተኩል ነው። የዘመኑ የዳኞች አለቃ ሎርድ ጀጅ የተከሳሹን ይግባኝ ሲጥሉ ሕፃን ስለ ሆነ ብቻ ከዐዋቂ ያነሰ ይታመናል የሚል ግምት በሕግ የለም፤ ጥያቄውን ተረድቶ የሚገባ መልስ መስጠት ከቻለ ይሰማል አሉ። ያው አገር ነው። የተለወጠው የሕፃናት አፍ አይመስለኝም፤ የጠያቂዎቹ ትዕግሥት ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ክርክር ልምጣ፤ እርሱም «ተቃርኖ» የሚባለው ነው። በይግባኝ አቤቱታ ውስጥ ጠበቃው እንዲህ ሲል ታያለህ፦ ምስክርዋ ለፖሊስ በር አጠገብ ነው ብላለች፤ ለፍርድ ቤት አልጋ አጠገብ ነው ብላለች፤ ጠዋት ብላ ኋላ ከሰዓት ብላለች፤ ስለዚህ ቃልዋ ይጣልልን። ይህ ዘዴ ከየት እንደ መጣ ታውቃለህ? እኔ የሶስናን ታሪክ የሰማሁት ከአያቴ ነው፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤታችን በነበረው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አልነበረችም። ሁለት ሽማግሎች በሶስና ላይ በሐሰት መሰከሩ። ብላቴናው ዳንኤል ለየብቻ አቁሞ በየትኛው ዛፍ ሥር አየሃት ብሎ ጠየቃቸው፤ አንዱ ይህን ዛፍ ሌላው ያንን ዛፍ ቢሉ ውሸታቸው ወጣ። እጅግ ብልህ ፈተና ነው። ግን ማንን ለመፈተን እንደ ተሠራ አስተውል። ተማክረው ታሪክ የፈጠሩ ሁለት ጎልማሶችን ነው። ታሪክ የሚፈጥር ሰው ዋናውን ነገር አዘጋጅቶ ጥቃቅኑን ይረሳልና ዛፉ ያጋልጠዋል። የተደፈረች ሕፃን ግን ሌላ ናት። እርስዋ ዋናው ነገር በሥጋዋ ላይ ተጽፎባታል፤ ዛፉን አልቆጠረችም። ሰኞና ሐሙስን ገና በቅጡ አትለይም፤ ሰዓት ማንበብ አታውቅም፤ «በፊት» እና «በኋላ» እየተቀላቀሉባት ነው። ብዙ ጊዜ ተደፍራ እንደ ሆነም ቀኖቹ በአንድነት ተፈትለው አንድ ክር ሆነዋል። የዛፉን ፈተና በእርስዋ ላይ የሚያኖር ዳኛ ዳንኤልን የተከተለ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በዳንኤል መሣሪያ ሶስናን እየወጋ ነው።

የሐኪም ወረቀትም እንዲሁ ነው። «ምርመራው ጉዳት አላሳየም» የሚል ቃል በመዝገቡ ላይ ሲገኝ የይግባኝ ክርክሩ ይሞቃል። ይህን ሥራ የሚያውቁ ሐኪሞች ግን ከተደፈሩት ሕፃናት በአብዛኞቹ ላይ ምልክት እንደማይገኝ፣ የተገኘውም በጥቂት ቀን እንደሚሽር ደጋግመው ጽፈዋል። ልጆችም የሚናገሩት ብዙ ጊዜ ቆይተው ነው። ስለዚህ ንጹሕ የሐኪም ወረቀት ለልጅቱም ለተከሳሹም አይመሰክርም፤ ዝም ያለ ወረቀት ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ወጣት እጁን እንዳነሣ ይታየኛል። «ጋሼ፣ ንጹሕ ሰው ቢታሰርስ?» ይለኛል። ትክክል ነህ፤ እጅህን አታውርድ። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ለሚደፍር ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እሥራት ይደነግጋል። ይህ የአንድ ሰው ጉልምስና በሙሉ ነው። በሐሰት ከተወሰደበት የሚመልስለት የለም።

እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ሆኗል። በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት አንዲት ወጣት የሕፃናት መዋያ አስተማሪ በ1988 በ115 ክስ ጥፋተኛ ተብላ 47 ዓመት ተፈረደባት። ምስክሮቹ በእጅዋ የነበሩት ትንንሽ ሕፃናት ነበሩ። አምስት ዓመት ታስራ ሳለ በ1993 የይግባኝ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ የግዛቱም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 መሻሩን አጸና። ያዩት ምን ነበር? የልጆቹን ዕድሜ አይደለም። ልጆቹ ሲጠየቁ የተቀዳውን ነው ያዩት። ጠያቂዎቹ አልሆነም ያለውን ልጅ ደጋግመው ይጠይቁታል፤ ጓደኞችህ ነግረውናል አንተ ብቻ ቀረህ ይሉታል፤ የሚፈልጉትን ሲነግራቸው ያሞግሱታል፤ እምቢ ሲል ይቆጡታል። ፍርድ ቤቱም ነገሩ እንደገና የሚታይ ከሆነ አስቀድሞ የልጆቹ ቃል በአጠያየቁ መበላሸት አለመበላሸቱ ይመርመር አለ።

ሊቃውንትም ይህን ነገር በፈተና አይተውታል። ስቲቨን ሲሲና ሚሼል ላይክትማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1995 ባሳተሙት ጥናት አንድ እንግዳ ሰው ወደ ሕፃናት መዋያ ገብቶ ጥቂት ቆይቶ ምንም ሳይነካ ይወጣል። ሳይገፋፉ በደህና የተጠየቁት ልጆች ይህን አደረገ ብለው አልወነጀሉትም። ሰውዬው ዝርክርክ ነው እየተባሉ የቆዩትና ለሳምንታት በመሪ ጥያቄ የተጠየቁት ግን መጽሐፍ ቀደደ፣ አሻንጉሊት አበላሸ ብለው ተናገሩ፤ ይልቁንም ሦስትና አራት ዓመት የሆናቸው።

እንግዲህ የራጃስታኑንና የኒው ጀርሲውን አንድ ላይ አስቀምጣቸው። በአንደኛው የይግባኝ ዳኛ መፍረድ ሲገባው ለቀቀ፤ በሁለተኛው የይግባኝ ዳኞች መሻር ሲገባቸው ሻሩ። ልዩነቱ ከየት መጣ? የመጀመሪያው የመዘነው ልጅቱን ነው፤ ኋለኞቹ የመዘኑት ጥያቄውን ነው። የእኔም ክርክር ጠቅላላው ይህ ነው። ሕፃን በተጠየቀው ልክ ይመልሳል። ማን ጠየቀው? ስንት ጊዜ? በማን ፊት? መጀመሪያ ራሱ ከአፉ ያወጣው ቃል የትኛው ነው፣ ትልቅ ሰው ያስገባበትስ የትኛው? ቃሉ የተለዋወጠው ታሪኩ ስለ ተለዋወጠ ነው ወይስ ጥያቄው ስለ ተለዋወጠ? የይግባኝ ዳኛ በጣቱ እየቆጠረ ማገላበጥ ያለበት እነዚህን ነው። በዚህ መንገድ ከሄደ ንጹሑ ሰው ይድናል፤ ልጅቱም በካፖርት ቀለም ምክንያት አትጣልም። «ሕፃን አይዋሽም» የሚለውም «የሕፃን ነገር» የሚለውም ሁለቱም ከመድከም ለማረፍ የተባሉ ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም መዝገብ ሳያነቡ ለመፍረድ ይጠቅማሉ።

በአገራችን መልካም ጅምር መኖሩን አልክድም። በአዲስ አበባ በፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሕፃናት በተለየ ችሎት ልጁ ከተከሳሹ ፊት ሳይቆም በሌላ ክፍል ተቀምጦ፣ ችሎቱ በቴሌቪዥን እያየው፣ የዳኛውንና የጠበቃውን ጥያቄ ባለሙያ በሚገባው ቋንቋ እያቀረበለት ይመሰክራል። ይህን ያሰቡ ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ድካም ወደ ይግባኝ ሲወጣ ምን ይሆናል? ወረቀት ይሆናል። ልጅቱ እያለቀሰች የተናገረችው ከልጅቱ ፈገግታ ጋር አንድ ዓይነት ፊደል ነው። ጥያቄና መልሱ ተጨምቆ «ምስክርዋ እንዲህ አለች» ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ ጠያቂው ከመዝገቡ ይሰወራል፤ ጥያቄው ሁሉ ከልጅቱ አፍ የፈለቀ ይመስላል። ከዚያ ክፍል ርቀው ባሉት ወረዳዎች፣ ልጅቱ ከሰውዬው ሁለት ክንድ ርቃ ቆማ በምትመሰክርበት ስፍራ፣ ነገሩ ይብሳል፤ እዚያ ዝም ካለች «መመለስ አልቻለችም» ይባላል።

ስለዚህ የይግባኝ ዳኞች የልጅ ቃል በሚታይበት መዝገብ ሁሉ የተቀዳው ድምፅ፣ ሲኖርም ሥዕሉ፣ ከወረቀቱ ጋር ወደ እነርሱ እንዲቀርብ ቢያዝዙ፣ ከመወሰናቸውም በፊት ተቀምጠው ቢሰሙት ምን ይጎዳቸዋል? አንድ ሰዓት ይወስድ ይሆናል። የሥራ ብዛት አለብን የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ እኔም በዚያ ክፍል ሰባ ተማሪ ነበረኝ።

የ1981 ዓ.ም. የክፍል መዝገብ ደብተሬ እስከ ዛሬ በእጄ አለ። ከልጅቱ ስም አጠገብ በቀይ ቀለም «ቃልዋ ይለዋወጣል» ብዬ ጽፌአለሁ። የጠየቅኋት ጥያቄ አንዱም እዚያ አልተጻፈም፤ ደብተሩን የሚያነብ ማንኛውም የተማረ ሰው ከእኔ ጋር በተስማማ ነበር።

ከእናንተ ከምታነቡኝ ወጣቶች መካከል ነገ ጠበቃ፣ ዓቃቤ ሕግ፣ የችሎት ጸሐፊ የሚሆኑ አሉ። በተለይ ጸሐፊ ለምትሆነው ወይም ለምትሆኚው ነው የምለምነው፦ ልጅቱ ዝም ስትል «ዝም አለች» ብለህ ጻፍ፤ ከዝምታዋ በፊት የተጠየቀችውንም፣ የጠየቃትንም ሰው ማንነት፣ ስንተኛ ጊዜ እንደ ጠየቃትም ጻፍልኝ።